፭ አለፈች፣ ፲ ተመለሰች፦ የባግ ባውንቲ ማስታወሻ ከደብረ ብርሃን

ሁዳዴ የገባ ሰሞን፣ ማክሰኞ ማታ

ዛሬ ምንም አልነካሁም። ማንበብ ብቻ ነው የዋልኩት።

ኩባንያው የውጭ ነው። ለትናንሽ ነጋዴዎች የደረሰኝና የዕቃ መዝገብ ሶፍትዌር ይሠራል። ስሙን አልጠራም። ደንቡ ክፍተቱ ሳይደፈንና እነሱ ሳይፈቅዱ ዝርዝሩን ማውራት ይከለክላል፤ ይህን ማስታወሻም የማወጣው ሲፈቅዱልኝ ነው።

ለማያውቅ ሰው፦ ባግ ባውንቲ ማለት አንድ ድርጅት «ሶፍትዌሬ ላይ የደኅንነት ክፍተት ካገኛችሁ በሥርዓቱ ንገሩኝ፣ እከፍላችኋለሁ» የሚልበት ፕሮግራም ነው። ቅጥር አይደለም። ደመወዝ የለውም። ካላገኘህ የለፋኸው ለራስህ ነው።

ከሁሉ በፊት የሚነበበው «ስኮፕ» የሚሉት ክፍል ነው። ምን መንካት ይቻላል፣ ምን አይቻልም። እዚህኛው ላይ ዋናው መተግበሪያና ኤፒአዩ (ሌሎች ፕሮግራሞች ከሰርቨሩ ጋር የሚነጋገሩበት በር) ይፈተሻሉ። የእርዳታ ገጻቸው የሌላ ድርጅት ስለሆነ አይነካም። ሰርቨር በጥያቄ ብዛት ማጨናነቅ ክልክል ነው። ሠራተኞቻቸውን በውሸት ኢሜይል ማታለል ክልክል ነው። በራስ ሰር የሚፈትሹ ስካነሮችም ክልክል ናቸው። የሌላ ደንበኛ መረጃ ድንገት ካየህ ቆም ብለህ ወዲያው ማሳወቅ አለብህ። ይህን ካከበርክ አንከስህም ይላሉ።

ይቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ለኔ ከሽልማቱ ሠንጠረዥ ትበልጣለች። እኛም አገር የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ። ያለፈቃድ የሌላ ሰው ሥርዓት ውስጥ መግባት በራሱ ወንጀል ነው። ምንም አልሰረቅሁም፣ ምንም አላበላሸሁም ማለት አያድንም።

ማታ የአጎቴ ልጅ ከሸዋ ሮቢት ደወለ። የያዝኩትን ነገርኩት።

«እንግዲያው የኛን መሥሪያ ቤት ዌብሳይት አንዴ እይልን። ቡና እጋብዝሻለሁ» አለኝ።

«ፈቃድ መስጠት የሚችል ሰው ፈርሞ ማኅተም ይምታበት፣ ያኔ አይልሃለሁ።»

«ኧረ አንቺ ደግሞ! ለማየት ማኅተም?»

አዎ፣ ለማየት ማኅተም። ስንቱ ልጅ በቅን ልብ «ክፍተት አገኘሁላችሁ» ብሎ ሄዶ ራሱን ሲያስረዳ እንደሚውል አስቡት።

ሐሙስ

ዕቃ ማሰናዳት። ሁለት አካውንት ከፈትኩ፣ «ሱቅ ሀ» እና «ሱቅ ለ»። የሁለቱም ባለቤት እኔ ነኝ። አንዱ ሱቅ የሌላውን መረጃ ማየት ከቻለ ክፍተት አለ ማለት ነው፣ የተጎዳ ሰው ግን የለም።

መሣሪያዬ በርፕ ስዊት ነው፣ ነፃው ኮሚኒቲ የሚባለው። በብራውዘሩና በሰርቨሩ መካከል ይቀመጣል። የሚላከውን ጥያቄ ሁሉ ያሳየኛል፤ አስቁሜ፣ ቀይሬ፣ ደግሜ መላክ እችላለሁ። አንድን ጥያቄ እየለዋወጠ በብዛት የሚልከው ኢንትሩደር የሚባለው ክፍል የተከፈለበት እትም ላይ ይሮጣል፣ ነፃው ላይ ግን ሆን ተብሎ እንዲያዘግም ተደርጓል። ስካነር ስለተከለከለ ብዙም አልጎደለብኝም። መማር የሚፈልግ ካለ የበርፕ ሠሪዎች፣ ፖርትስዊገሮች፣ ነፃ የዌብ ደኅንነት አካዳሚ አላቸው። መለማመጃው በብራውዘር ይከፈታል።

የምሠራው ማታ ነው፣ የሌሊት ጥቅል ስለሚረክስ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በየካቲት ሌሊት ጣት ኪቦርድ ላይ ይደርቃል። ላፕቶፑን ጋቢ ላይ አስቀምጬ ነበር፣ የአየር መውጫው ታፍኖ ፋኑ ጮኸ። አሁን የእንጀራ ሰፌድ ገልብጬ ከሥሩ አድርጌለታለሁ። ጸጥ አለ።

ሰኞ

መጀመሪያ የሞከርኩት ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚሞክረውን ነው። የደረሰኙ አድራሻ ጫፍ ላይ የመለያ ቁጥር አለ። በ«ሱቅ ሀ» ገብቼ የ«ሱቅ ለ»ን ቁጥር አስገባሁ። ይህ ዓይነቱ ክፍተት አይዶር ይባላል። ሰርቨሩ «ማን ነህ?» ብሎ ይጠይቅና «ይህ ያንተ ነው ወይ?» ማለት ይረሳል። የዌብ ደኅንነት ድርጅቱ ኦዋስፕ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአሥር ዋና ዋና ስጋቶች ዝርዝር ላይ የዚህ ቤተሰብ የሆነው የተሰበረ የመዳረሻ ቁጥጥር አንደኛ ነው።

ደረሰኙ አልተከፈተም። የዕቃ መዝገቡም ተዘግቷል፣ ጥሩ ሠርተዋል። ከደረሰኙ ጋር የሚያያዘው ፎቶ ግን ተከፈተ! በ«ሱቅ ሀ» ሆኜ የ«ሱቅ ለ»ን የዕቃ ፎቶ አየሁት። ፎቶው የኔው የበሶ ቆርቆሮ ነው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ሪፖርት ጻፍኩ።

ረቡዕ

መልስ መጣ። «ዱፕሊኬት።» ሌላ ሰው ቀድሞኛል። ለተደገመ ሪፖርት ክፍያ የለም፤ የመጀመሪያው ሰው ብቻ ነው የሚከፈለው።

አልተናደድኩም ብል ውሸት ነው። ነገሩ ግን ግልጽ ነው። ይህን ፕሮግራም የሚሞክር ሰው በየአህጉሩ አለ። ፈጣን ኢንተርኔት፣ የተከፈለበት መሣሪያ፣ የዓመታት ልምድ ያለው ሰው የሚሞክረውን ተከትዬ ከሞከርኩ ሁልጊዜ ሁለተኛ ነኝ። እነሱ የማያዩትን የማይበት ቦታ መፈለግ አለብኝ።

ዓርብ፣ መብራት የለም

አከራዬ እትዬ ጀበናዋን ጥዳ ጠራችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ሌሊቱን ሙሉ አምፖል የምታበሪው ምን ስትሠሪ ነው?»

«የሰዎች ሶፍትዌር ላይ ቀዳዳ ስፈልግ ነው፣ እትዬ። ካገኘሁ ይከፍሉኛል።»

«ቀዳዳውን ማን ቀደደው?»

«ራሳቸው።»

«እና ራሳቸው አያዩትም?»

«የሠራው ሰው ዓይን አያየውም፣ እትዬ።»

ትንሽ አሰበች። «ይሁን። ቆጣሪው ግን በኔ ስም ነው፣ ሲከፍሉሽ እሱንም አስቢው።»

ስልኬ ላይ የቀረችውን ባትሪ የዚህን ሥራ ታሪክ በማንበብ ጨረስኳት። በ1983 እ.ኤ.አ. ሀንተር ኤንድ ሬዲ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ በሶፍትዌሩ ላይ ስህተት ላገኘ ሰው ቮልስ እሸልማለሁ ብሎ አስተዋውቆ ነበር። ቮልስ! በ1995 ኔትስኬፕ ለብራውዘሩ የገንዘብ ሽልማት አወጣ። ጉግል በ2010፣ ፌስቡክ በ2011 ተከተሉ፤ የፌስቡክ ትንሹ ክፍያ 500 ዶላር ነበር። በ2016 የአሜሪካ መከላከያ ሳይቀር ሰው ጋብዞ ድረ ገጾቹን አስፈተሸ። እኔ ለቮልሱ ዘግይቻለሁ።

ደብረ ዘይት ሰሞን

አገኘሁት መሰለኝ።

ከጠረጴዛዬ በላይ የግድግዳ ካሌንደር አለ። ቀኖቹ በግእዝ ቁጥርም ተጽፈዋል። ዓይኔ እዚያ ላይ ተተክሎ ሳለ «ይህን ቁጥር ብሰጠውስ?» አልኩ። የዕቃ ብዛት የሚሞላበት ሳጥን ብራውዘሩ ላይ ከ0 እስከ 9 ብቻ ነው የሚቀበለው። በርፕ ላይ ግን ጥያቄውን አስቁሞ መቀየር ይቻላል። «5» የሚለውን አጥፍቼ «፭» ብዬ ላክሁ።

ሰርቨሩ 500 መለሰ። 500 ማለት «ያልጠበቅሁት ነገር ውስጤ ተሰበረ» ማለት ነው። እሱ ብቻ ቢሆን ምንም አይደል። አብሮት ረጅም የስህተት ገጽ መጣ፤ የፋይል መንገዶች፣ የውስጥ ሰርቨር ስም፣ የሚጠቀሙባቸው ላይብረሪዎች (ሌሎች የጻፏቸው ዝግጁ ኮዶች) ከነእትም ቁጥራቸው። ይህ ለገንቢዎች እንጂ ለደንበኛ የሚታይ ገጽ አይደለም።

ቀጥዬ «፲» ላክሁ። ጨዋ መልስ፦ «እባክዎ ቁጥር ያስገቡ።»

«፱» ተሰበረ። «፳» ጨዋ መልስ። «፩» ተሰበረ። «፻» ጨዋ መልስ። ከ፩ እስከ ፱ ያሉት በሩን አልፈው ውስጥ ይሰብራሉ። ከ፲ ጀምሮ ያሉት በሩ ላይ ይመለሳሉ።

ይህ ለምን ሆነ? ሰርቨሩ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ መሠራቱን የስህተት ገጹ ራሱ ነግሮኛል። ላፕቶፔ ላይ ፓይተን ከፍቼ ሞከርኩ። አንድ ጽሑፍ አኃዝ መሆኑን የሚያረጋግጥ «ኢዝዲጂት» የሚባል ትእዛዝ አለ። «፭» አኃዝ ነው? አዎ ይላል። ከዚያ «ኢንት» በሚባለው ትእዛዝ ወደ ቁጥር ቀይርልኝ ስትለው አልችልም ብሎ ይሰበራል። በር ጠባቂው «ግባ» ያለውን የቤቱ ባለቤት አያውቀውም።

ጥፋቱ የፓይተን ብቻም አይደለም፣ ከዩኒኮድ፣ የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር መለያ ቁጥር ከሚሰጠው ሥርዓት፣ አመዳደብ የመጣ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ.፣ በእትም 3.0 ነው። ከ፩ እስከ ፱ ያሉት «አኃዝ» ተብለው ተመድበዋል። ፲፣ ፳፣ ፻ እና ፼ ግን የቁጥር ዋጋ ያላቸው ምልክቶች እንጂ አኃዝ አልተባሉም። አመዳደቡ ልክ ነው። የግእዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ አሥርም መቶም የየራሳቸው ምልክት አላቸው። እንደ ዐረብኛው ወይም እንደ ሂንዲው አኃዝ በቦታ አይሠራም። ለዚህ ነው ፓይተን የዐረብኛውን አምስት ወደ ቁጥር ቀይሮ የኛን ፭ እምቢ የሚለው። ስህተቱ «አኃዝ ከሆነ ይቀየራል» ብሎ ያሰበው ፕሮግራመር ላይ ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ «ኢዝዲጂት»ን ትቶ «ኢዝዴሲማል»ን መጠቀም፣ የስህተት ገጹንም ከሕዝብ ዓይን መዝጋት።

ካሌንደሩን የሰቀለችው እትዬ ናት። የቆጣሪው ሂሳብ ሊጨምር ነው።

በማግስቱ

ሪፖርት መጻፍ። ማግኘቱ አንድ ምሽት ቢፈጅ መጻፉ ቀኑን በላው፣ መብላትም አለበት። ሪፖርቱን የሚያነበው ሰው አያውቀኝም። በዕለቱ ብዙ ሪፖርት ያነባል፤ አብዛኛው ደግሞ ገለባ ነው።

የአጎቴ ልጅ «ለኤአይ ስጪው፣ በደቂቃ ይጽፍልሻል» አለኝ። ከርል የሚባለው፣ መረጃ በኢንተርኔት የሚያመላልስ፣ በየስልኩና በየኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ የሶፍትዌር ፕሮጀክት ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሽልማት ይከፍል ነበር። በ2026 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ አቆመ። አንዱ ትልቅ ምክንያት በኤአይ የተፈበረከ፣ ሲያዩት የሚያምር ውስጡ ባዶ የሆነ የሪፖርት ጎርፍ ነው። ሪፖርቱን የሚያነቡት ሰዎች የሌለ ክፍተት ሲያሳድዱ ውለው ያድራሉ። ይህን ነግሬው ራሴ ጻፍኩ።

ርእሱ ምን የት እንደሚሰበር በአንድ መስመር ይናገራል። ከዚያ ደረጃዎቹ፦ አካውንት ክፈት፣ ዕቃ መዝግብ፣ ይህን ጥያቄ ላክ፣ ይህን ታያለህ። ፊደላችንን የሚጽፍ ኪቦርድ እንደማይኖራቸው ገመትኩ። ስለዚህ «፭»ን በቀጥታ እንዲገለብጡ አስቀመጥኩ፣ የዩኒኮድ መለያዋንም ጨመርኩ። ፲ ለምን እንደማትሰብርም በሁለት መስመር አስረዳሁ፤ አለዚያ አንዱ ፲ን ሞክሮ «አልሠራልኝም» ብሎ ይዘጋዋል።

ክብደቱን አላጋነንኩም። ሲቪኤስኤስ የሚባለው መለኪያ ከ0 እስከ 10 ይሄዳል፤ 9 እና ከዚያ በላይ እጅግ አደገኛ ነው። የኔው ከታች ነው። የማንም ገንዘብ አልወጣም፣ የማንም ስም አልታየም። «ዝቅተኛ» ብዬ ራሴ ጻፍኩ። ሁሉን ነገር አደገኛ ነው የሚል ሰው ሁለተኛ ሪፖርቱን ማን ያነብለታል?

ሆሣዕና ሊደርስ ሲል

መንገዱን ስላገኘሁ እሱኑ ይዤ ቀጠልኩ። ከጥያቄው ይልቅ ስለ ፊደሉ አሰብኩ። ኮምፒውተር ጽሑፍን የሚያስቀምጠው በባይት እየለካ ነው። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የተለመደ አቀማመጥ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ነው። የኛ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ነው። ታዲያ በባይት የሚቆጥር ነገር ሁሉ እኛን በሦስት እጥፍ ይቆጥረናል። በባይት የሚቆጥር ምን አለ?

የይለፍ ቃል አለ። ብዙ ድርጅቶች የይለፍ ቃልን የሚያመሳጥሩት ቢክሪፕት በሚባል ዘዴ ነው። እሱም ይፋ የሆነው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ፊደላችን ዩኒኮድ በገባበት ዓመት። ቢክሪፕት የሚያየው የመጀመሪያዎቹን 72 ባይቶች ብቻ ነው። ብዙ ላይብረሪዎች የቀረውን ምንም ሳይናገሩ ይቆርጣሉ። 72 ለ3 ሲካፈል 24 ነው።

በ«ሱቅ ለ» ላይ ሁለት ተረቶችን ያለ ክፍተት ገጣጥሜ የይለፍ ቃል አደረግኩ፦ «ድርቢያብርአንበሳያስርቀስበቀስእንቁላልበእግሩይሄዳል»። 31 ፊደል ነው። ገጹ «በጣም ጠንካራ» ብሎ አረንጓዴ አበራልኝ። ወጣሁ። ተመልሼ «ድርቢያብርአንበሳያስርቀስበቀስእንቁላልበ» ብዬ ብቻ አስገባሁ።

ገባሁ።

እንቁላሉ እግሩ ተቆርጦም ሄደ። የመጨረሻዎቹ ሰባት ፊደላት ኖሩ አልኖሩ ሰርቨሩ ግድ የለውም። አንድ ፊደል ከዚያ በታች ሳሳጥር ግን አላስገባኝም። ልክ 24ኛው ላይ።

እውነቱን ለመናገር 24 ፊደል ያለው የአማርኛ የይለፍ ቃል አሁንም ጠንካራ ነው። ማንም ቁጭ ብሎ አይገምተውም። ግን የቢክሪፕት ገደብ ሰው ሲረሳው ምን እንደሚያመጣ ታይቷል። ለድርጅቶች የመግቢያ (ሎግኢን) አገልግሎት የሚሰጠው ኦክታ በኦክቶበር 2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ይፋ እንዳደረገው፣ የተጠቃሚውን መለያ፣ ስሙንና የይለፍ ቃሉን አንድ ላይ ቀጥለው በቢክሪፕት ያሳልፉበት የነበረ ቦታ ነበር። ስሙ 52 ፊደልና ከዚያ በላይ ሲሆን የይለፍ ቃሉ ከገደቡ ውጭ ይወድቃል። በተወሰኑ ሁኔታዎች ያለ ትክክለኛ የይለፍ ቃል መግባት ይቻል ነበር። ኦክታ ደፍኖታል። ይህን ታሪክ ሪፖርቴ ላይ አስገባሁት፣ «እናንተም እንዲህ ናችሁ» ለማለት ሳይሆን «ሌላ ቦታ ላይ እንዲህ ቀጥላችሁት እንደሆነ እዩ» ለማለት።

ሰሙነ ሕማማት

ሁለት መልስ በአንድ ቀን። የ፭ዋ ሪፖርት ተቀባይነት አገኘች። ዝቅተኛ፣ 100 ዶላር። የይለፍ ቃሉ «ለመረጃ ያህል» ተብሎ ተዘጋ፤ ሽልማት የለውም። ምክንያታቸው 72 ፊደል ለማንም ይበቃል የሚል ነው።

ለማንም አይደለም፣ ለእንግሊዝኛ ነው። አልተሳደብኩም። ባጭሩ መለስኩ፦ ደንባችሁ እስከ 128 ፊደል እንቀበላለን ይላል። አማርኛ የሚጽፍ ደንበኛችሁ 24 ነው ያለው። ትግርኛም የሚጽፍ እንደዚያው። ሂንዲ የሚጽፈውም ፊደሉ ሦስት ባይት ስለሆነ እንደዚያው። ሂንዲውን ሆን ብዬ ነው የጨመርኩት። የሕንድ ገበያ ሲነሳ የማይሰማ ኩባንያ የለም።

በሁለተኛው ቀን እንደገና ከፈቱት። ዝቅተኛ፣ 50 ዶላር።

ከፋሲካ በኋላ

ክፍያው የሚመጣው በአሜሪካ መድረክ በኩል ስለሆነ አሜሪካዊ አለመሆኔን የምገልጽበት የግብር ቅጽ ሞላሁ። ቅጹ ላይ ያስቸገረኝ የመጨረሻ ስም የሚለው ነው። ባንክ ያለው ስሜ ከነአያቴ ሦስት ነው። የአባቴን መካከል፣ የአያቴን መጨረሻ አደረግኩ፣ ልክ የባንክ ደብተሩ ላይ እንዳለው። አንድ ፊደል ከተለያየ ገንዘቡ ተመልሶ ይሄዳል ብለውኛል።

ባንክ ቤት ልጁ «ይህ ከውጭ የመጣው ገንዘብ የምን ነው እርስዎ?» አለኝ።

«የሶፍትዌር ፍተሻ አገልግሎት።»

«የኛንም ይፈትሻሉ?»

«ፈቃድ ካላችሁ።»

ሳቀና ማኅተሙን መታ።

እትዬ የቆጣሪዋን ድርሻ ወስዳለች። የቀረው ላፕቶፑ ላይ ይውላል፣ ባትሪው ሞቷል።

ዳግማይ ትንሣኤ ሳምንት

«ደፍነነዋል፣ ደግመሽ ፈትሺልን» የሚል መልእክት መጣ። ይህን ያለክፍያ ነው የሚጠይቁት፣ እኔ ግን እወደዋለሁ።

፭ን ላክሁ። ጨዋ መልስ። ፱ም እንዲሁ። የስህተት ገጹም ጠፍቷል፤ አጭር «ይቅርታ» ብቻ ነው ያለው።

የይለፍ ቃሉን ሞከርኩ። አሁን መቁረጡን ትተው ከ72 ባይት በላይ አንቀበልም ማለት ጀምረዋል። ይህም አንድ መንገድ ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ በሌላ ዘዴ አሳጥረው ወደ ቢክሪፕት እንዲያስገቡት ወይም አርጎን2 ወደሚባለው ሌላ የማመሳጠሪያ ዘዴ እንዲዞሩ እመርጥ ነበር። ሥራው የነሱ ነው።

ከዚያ 25 ፊደል አስገባሁ። ቀይ ጽሑፍ መጣ፦ «የይለፍ ቃልዎ ከ72 ፊደል መብለጥ የለበትም።» ደግሜ ቆጠርኩ። 25 ናቸው።

ይህ የደኅንነት ክፍተት ስላልሆነ ሽልማት የለውም። ሆኖም በዚያው ሪፖርት ሥር አንድ መስመር ጻፍኩላቸው፣ የስክሪኑን ፎቶም አያያዝኩ። ነገ ማታ የደረሰኙን ስም ሳጥን አያለሁ። እሱም በባይት የሚቆጥር ይመስለኛል።